የእንድሪስ ገድ

ሌላው ሰው ወጣትነቱን የሚያስታውሰው በአበባ ሽታ ነው፤ ወይም በሽቶ፣ ቢበዛ በትኩስ ዳቦ። እኔን ግን እግዜር ሲቀልድብኝ በላስቲክ ሽታ አደረገው። ባለፈው ሰሞን የልጄ ልጅ ማስተዋል ሳሎኑ ወለል ላይ አንድ ጥቅል አዲስ ላስቲክ ዘርግታ በመቀስ ስትቆራርጥ፣ ያ ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲነካው ከወንበሬ ብድግ ልል ቃጣሁ። ጉልበቴ ግን ወሬውን አላመነም። መልሼ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«ምንም። ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ አለፈ።»

ሳቀችና ወደ መቀሷ ተመለሰች። ማስተዋል እዚሁ ደብረ ታቦር ባለው ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ተማሪ ናት። ዘንድሮ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባል ትምህርት ደርሷቸዋል። እኔ ስሙን ጠርቼ ለመጨረስ አንድ ሲኒ ቡና ያስፈልገኛል፤ እሷ «ሥራ ፈጠራ በሉት፣ አባባ» ብላ ገላገለችኝ። የትምህርቱ ግማሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ ግማሹ ግን ውጭ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥራ በእውነት ይከፍታል፣ መምህሩ በመክፈቻው ቀን መጥቶ ያያል፣ ውጤቱም ከዚያ ይወጣል። ማስተዋል የጉናን ድንች በስሱ ቆርጣ፣ ጠብሳና ጨው ነስንሳ በላስቲክ ከረጢት ልትሸጥ ነው። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር። «ደንበኛዬን አጥንቻለሁ» አለችኝ። «ተማሪው ከአራት ሰዓት በፊት ይርበዋል፣ ክበብ ይርቀዋል፣ ሻይ ብቻውን አይይዝለትም።» እንዲህ የምትናገረው እኔ ትናንት ጫማዋን ያሰርኩላት ልጅ ናት። ደስ ይለኛል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ቀናሁ! ሽማግሌ በልጅ ልጁ ይቀናል ወይ ብትሉ፣ ጥርስ እስኪያፋጭ ይቀናል፤ ችግሩ የሚያፋጨው ጥርስ ማነሱ ነው።

ምክንያቱም እኔም የንግድ ሥራ ተማሪ ነበርኩ። አዎ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ። ዘመኑ ግን ነጋዴ በጎሪጥ የሚታይበት ዘመን ነበርና፣ መምህራችን «ትርፍ» የሚለውን ቃል ሲናገር ወደ በሩ ዞር ብሎ ያይ ነበር። እኛም ቃሉን ስንጽፍ እጃችንን ከለል አድርገን ነው፤ የፍቅር ደብዳቤ ያህል ያሳፍረን ነበር። ዛሬ ማስተዋል ትርፍ፣ ትርፍ እያለች በቤቴ ውስጥ ጮክ ብላ ስትሄድ፣ ሳላውቀው ተነስቼ መስኮት ልዘጋ እሞክራለሁ። ያ መምህራችን ግን ደፋር ሰው ነበር። አንድ ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክረምቱን አገራችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ሸጣችሁ ኑ። ምን እንደ ተማራችሁ ትነግሩናላችሁ» አለን። ይኸው ነው። ከረጢት የለ፣ ጎብኚ የለ፣ «ደንበኛህን አጥና» የሚል የለ። ሸጣችሁ ኑ!

እኔም አሰብኩ። ክረምት፣ ደብረ ታቦር፣ ዝናብ። በኛ አገር የክረምት ዝናብ ከጉና ተነስቶ ሲመጣ ሰው አይሸሸውም፤ ወዴት ይሸሻል? ገበሬው ከሣር የተጎነጎነ ጌሳ ለብሶ እንደ ተንቀሳቃሽ ክምር ይሄዳል። ጌሳው ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ከባለቤቱ ይከብዳል። ስለዚህ ላስቲክ! ምሳዬን እየዘለልኩ ካጠራቀምኳት ገንዘብ ላይ አጎቴ ጨመረልኝና ከመርካቶ አንድ ትልቅ ጥቅል ላስቲክ ገዛሁ። በአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ከበግና ከፍራሽ ጋር አስጭኜ፣ ከወረታ ሽቅብ ያለውን መንገድ በሙሉ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ደረስኩ። መድረሴን ያላየ አልነበረም። ጎፈሬዬ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ፣ የሱሪዬ ቤልቦተም የገበያውን ጭቃ አንድ ሳይቀር የሚጠርግ፣ ጫማዬ ደግሞ ተረከዙ ከመርዘሙ የተነሳ ቁልቁለት ስወርድ ሦስተኛ እግር የሚያስመኝ ነበር። ዛሬ ፎቶውን ሳየው ያ ልጅ ማነው እላለሁ፤ ከዚያም ወገቡን አይቼ እቀናበታለሁ።

መደቤን የዘረጋሁት ከልብስ ሰፊዎቹ ተርታ ማዶ፣ ከትልቁ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ታች ሞባይል ይጠግናሉ፣ ላይ ፀጉር ይሠራሉ። ያኔ ከጎኑ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ጌታ ነበር፣ ጓደኛ ይጋብዝ ነበር። ሬዲዮኗ ባትሪዋ ሲደክም ዘፋኙን ሁሉ ወፍራም ድምፅ ታደርገዋለች፤ እኛ ግን ያንኑ ቀርፋፋ ዘፈን ለምደነው፣ ባትሪ ሲቀየርላት «ምነው ቸኮለ» እንል ነበር። በዚያ በኩል የሰፊዎቹ መርገጫ ይንቀጫቀጫል፣ በዚህ በኩል እትዬ ጥሩ ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ፣ ፊት ለፊት የእንድሪስ አባት አቡጀዲና ካኪ የሚሸጡባት ሱቅ አለች።

እንግዲህ እንድሪስ መጣ። የኔ ዕድሜ ልክ ቅናት ስም ቢወጣለት እንድሪስ ነው የሚባለው። አብረን ፊደል ቆጥረናል፣ አብረን ኳስ መትተናል፤ እሱ ስምንተኛን ሲጨርስ አባቱ ሱቅ አስገቡት፣ እኔ ቀጠልኩ። ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ከንፈሩ ላይ መፋቂያ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ምንም አያደርግም። ብቻ ገደኛ ነው። በኛ ገበያ የጧቱ የመጀመሪያ ገዢ የቀኑን ዕጣ ይዞ ይመጣል ይባላል። ገደኛ ሰው መጀመሪያ ከገዛ፣ ለአንድ መርፌም ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ ገበያው ይደራል። ገደ ቢስ ከቀደመ ግን ሱቁን ዘግቶ ቤት መግባት ነው። ቄሶቹ «ከንቱ እምነት ነው» ይላሉ፤ የሰማ የለም። እንድሪስ ራሱ «ሪዝቅ የአላህ ነው» ይላል፣ ሲሳይን ማለቱ ነው፤ እሱንም የሰማው የለም። ጎህ ሲቀድ ባለሱቁ ሁሉ «ኧረ እንድሪስን ጥሩልኝ» ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም። እሱም እምቢ ማለት ነውር መስሎት፣ ዓይኑን እያሻሸ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ እዚህ ክብሪት፣ እዚያ ሳሙና።

እኔ ላስቲኬን ባሕር ዛፉ ላይ አንጠልጥዬ የተቀመጥኩ ዕለት ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ፀሐይ ወጣች። በሐምሌ! መጀመሪያ ሰው ደስ አለው፣ ልብሱን አሰጣ። በማግሥቱም ወጣች። ከዚያም ወጣች። ሰማዩ ተወልውሎ ጉና እስከ ጫፉ ድረስ ይታያል፤ ድፍን ሳምንት ጠብታ የለም። እኔ ከዚያ ከሚያብረቀርቅ ላስቲክ ሥር በላብ ተጠምቄ ተቀምጫለሁ። ገብስ የዘራ ገበሬ ሁሉ ሲያልፍ መጀመሪያ ሰማዩን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። በመጨረሻ እትዬ ጥሩ አላስቻላቸውም።

«አንተ ተማሪ፣ ይኸን ነገርህን ሰብስበው፤ እህሉ ደረቀብን።»

«እትዬ፣ ላስቲክ ዝናብ አይከለክልም እኮ። ሰው ነው የሚሸፍነው።»

«ላስቲኩማ ምን አደረገ! ሰውየው ነው እንጂ።»

«እኔ?»

«እና እኔ ነኝ? ማን ነበር መጀመሪያ የገዛህ?»

«ማንም አልገዛኝም።»

«በል ቁጭ በል። እንድሪስን ልጥራልህ።»

እንድሪስ መጣ። መፋቂያውን ከወዲህ ወደዚያ አዟዟረ፣ እኔን ከጎፈሬዬ እስከ ጫማዬ አየኝ፣ ቢስሚላህ ብሎ አንድ ክንድ ላስቲክ ገዛኝና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከጉና በኩል እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ዝናብ አልነግራችሁም፤ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ሰው በኔ ላይ ተረባረበ። ጥቅሉ በአንዴ አለቀ። ስለ ገድ ዘወትር የሚገሥጹት ቄስ ሳይቀሩ ላስቲካቸውን ተከናንበው ወደ ጨርቅ ሱቁ ዞረው፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እንድሪስ!» አሉ። ለእንድሪስ! ላስቲኩን ከመርካቶ ያመጣሁት እኔ፣ ምሳ የዘለልኩት እኔ፣ አንገቴን በመስኮት ያወጣሁት እኔ። ለራሴ የምከናነበው ቁራጭ እንኳ ሳላስቀር ሸጬ፣ ጎፈሬዬ ራሴ ላይ ተለጥፎ፣ ቤልቦተሜ ሁለት ባልዲ ውሃ ይዞ ቤቴ ገባሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እሱ ዝናብ ያዘነበ፣ እኔ ዝናብ ያቆምኩ ሆነን ቀረን።

ትምህርት ቤት ስንመለስ መምህራችን ምን ተማርክ ሲለኝ እውነቱን ተናገርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ካፒታልህ እንድሪስ ነው በለና!» አለኝ መምህሩ። እስክመረቅ ድረስ ጓደኞቼ የሚጠሩኝ «እንድሪስ» ብለው ነበር። ተመልከቱ፤ ስሜን ሳይቀር ወሰደው። ተመርቄ አገሬ ተመለስኩ፣ ቢሮ ገባሁ፣ ሒሳብ ሠራሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። ጎፈሬው ሄደ፣ ቤልቦተሙ የወለል መጥረጊያ ሆነ፣ እትዬ ጥሩም አረፉ፣ ገደ ቢስነቴ ግን እንደ ጡረታዬ በየወሩ ሳያቋርጥ ይደርሰኛል። ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ እንኳ እንቁላል ልትሸጥ ስትወጣ፣ «አንተ ቆይ፣ በሩን እኔ ልቅደም» ትል ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት በገዛ በሬ ሁለተኛ ነበርኩ። ለዚህ ነው የማስተዋል ሱቅ ሊከፈት ሲል በልቤ የቆረጥኩት፤ የልጅ ልጄን የመጀመሪያ ከረጢት የምገዛው እኔ ነኝ። ኮቴን አስተኮስኩ። ክራቫትም ፈለግሁ፤ ብል በልቶት ስላገኘሁት ተውኩት።

በዋዜማው ማታ ማስተዋል ዙሪያዬን ስትሽከረከር ነገር እንዳላት ገባኝ።

«አባባ፣ ነገ... ትንሽ ቢያረፍዱስ?»

«ለምን አረፍዳለሁ? ድንች ይቀዘቅዛል።»

«ሐጂ እንድሪስ ይመጣሉ። መጀመሪያ እሳቸው እንዲገዙኝ ለምኛቸው ነበር፤ እሺ ብለውኛል።»

ዞሬ ተተኩሶ የተሰቀለውን ኮቴን አየሁት።

«አንቺ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«በትምህርታችሁ ውስጥ ገድ የሚል ምዕራፍ አለ?»

«የለም። ስጋትን መቀነስ የሚል ግን አለ።»

ስጋቱ እኔ ነኝ! ዲግሪ ያለኝ፣ ላስቲክ ሽታ ያሳበደኝ፣ ኮቴን ያስተኮስኩ እኔ። ጥርሴን ላፋጭ ፈልጌ ነበር፤ ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ፣ የሚበቃ ጥርስ የለም።

ጧት ግን አልቀረሁም። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ማዶ፣ የባጃጆች መቆሚያ ጋ፣ ከአንዱ ባጃጅ ጀርባ ቆምኩ። የማስተዋል ሱቅ የቆርቆሮ ነው፣ አረንጓዴ ቀብታዋለች። የዘይቱና የጨው ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ተማሪው ተሰልፏል፤ ጃኬት ደርቦ፣ እጁን በብብቱ አስገብቶ። አንድ ልጅ የሚመስል ሰው ደግሞ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ለካ መምህሩ ነው። የዘንድሮ መምህራን ፂማቸው ሳይበቅል ነው የሚያስተምሩት፤ በዚህም ቀናሁ። ድንቹ ተጠብሷል፣ ከረጢቱ ሞልቷል፣ ማስተዋል ግን አትሸጥም።

«እህት፣ ስጪና!» ይላል ሰልፉ።

«ትንሽ ጠብቁኝ፣ እሺ?»

«ምን እንጠብቃለን? በስሎ የለ!»

«የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ደቂቃ!»

መምህሩ ሰዓቱን አየ። እንድሪስ የለም። ልዋሻችሁ? መጀመሪያ ልቤ ጮቤ ረገጠች። ይኸውላችሁ ገደኛችሁ፣ አልኩ። ቀጥሎ ከሰልፉ ጫፍ ሁለት ልጆች ወደ ክፍል ሄዱ። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። ማስተዋል ሽርጧን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ፣ ሰልፉን ትታ የመንገዱን ሽቅብ ብቻ ታያለች። ያቺ የሚያበራ ዓይኗ ውሃ አዝሏል። በቃ አልቻልኩም፤ ከባጃጁ ጀርባ ወጥቼ አንድ እርምጃ ሄድኩ።

«አባባ!» ብላ ጮኸች፣ መዳፏን እንደ ትራፊክ ዘርግታ። «በማርያም፣ እዚያው!»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ተላላፊ በሽታ ያለብኝ መስሏቸው አንድ ሁለቱ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ወደ ኋላ ተመለስኩና ባጃጁ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፤ ዘልዬ ያልኩት ለክብሬ ነው። «እስላም ሰፈር ንዳ!»

የእንድሪስ በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ። ጥቁር ባርኖሱን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል።

«ተነስ!»

«ማነው?»

«ገደ ቢሱ ነኝ።»

«አስረስ! አልነሳም።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም። መረረኝ።» በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ሳሙና ነው፣ ሻማ ነው፣ ክብሪት ነው፣ የሕፃን ካልሲ ነው። ማበጠሪያው ብቻ አንድ ቁምሳጥን ይሞላል። «እየው፤ ራሰ በራ ሰው ይኼ ሁሉ ማበጠሪያ ምን ያደርግለታል? ሱብሒን ሰግጄ መለስ ብዬ ልተኛ ስል ይንኳኳል። ዕድሜ ልኬን! ሪዝቅ ከአላህ ነው ስላቸው፣ ‹እሺ ሐጂ፣ ብቻ ይግዙን› ይሉኛል። አንተ ግን ፀሐይ እስኪሞቅህ ትተኛለህ። የፈለግኸውን ትገዛለህ፣ ያልፈለግኸውን ትተዋለህ። አስረስ፣ እኔ ባንተ ስቀና ነው የኖርኩት።»

«በኔ?»

«በማን ልቅና? ያንን ላስቲክ የገዛሁህ ዕለት ለገድ አይደለም የመጣሁት። አባቴን ‹እኔም ልማር› ብዬ አልቅሼ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያንን የተማሪ ጎፈሬህን ቀረብ ብዬ ላየው ነው የመጣሁት።»

ስንት ዘመን በብቸኝነት የለፋሁበትን ቅናት ለካ እሱም በጎን ይሠራበት ነበር! የሱ ደግሞ ከኔ ይልቅ ደርባባ ነበር፤ ድምፅ እንኳ አያሰማ። ቢሆንም ልጅቷ ትዝ አለችኝ።

«ቅናቱን በኋላ እንተሳሰባለን። ማስተዋል ሰልፍ አቁማ አንተን ትጠብቃለች። መምህሩ ሊሄድ ነው። ትወድቃለች፣ እንድሪስ።»

ቀና አለ። አገጩን እያከከ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ያ የልጅነቱ ፈገግታ መጣና፣ «ጫማዬን አቀብለኝ» አለኝ። ባጃጁ ውስጥ እስክንደርስ ድረስ ለብቻው ይስቅ ነበር።

ስንወርድ ከሰልፉ ግማሹ ብቻ ቀርቷል፤ መምህሩም ፊቱን ወደ ግቢው አዙሯል። ማስተዋል እንድሪስን ስታይ ትንፋሿ ተመለሰ። እሱ ግን ከረጢቱን አልነካም። ከሱቁ ፊት ቆሞ፣ ክንዴን ጨብጦ፣ ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣

«ልጄ ማስተዋል፣ ስሚኝ። የኔ ገድ አርጅቷል። ዛሬ ጧት ለአያትሽ አስረክቤዋለሁ» አለ።

«እንዴ፣ ሐጂ! ገድም ይተላለፋል እንዴ?» አለ መምህሩ።

«መሬት ይወረስ የለ? ይኼ ምን ያቅተዋል!»

ከዚያ ትልቅ እጁን በጭንቅላቴ ላይ ጫነና፣ «ያዝልቅልህ፣ ይቅናህ፣ እትፍ! እትፍ!» ብሎ መረቀኝ። ሰልፉ «አሜን» አለ፤ የራበው ሰው አሜን ለማለት አይለገምም። ማስተዋል ግን አላለችም። እኔን አየችኝ፣ እንድሪስን አየችው፣ መምህሩን አየችው፣ መልሳ እኔን። የዓመት ልፋቷ እጇ ላይ ነው፤ ከፊቷ የቆምኩት ደግሞ ሐምሌን ያደረቅሁ ሰው ነኝ። ብትመልሰኝ አልፈርድባትም ነበር። የተተኮሰው ኮቴ ውስጥ ላቤ ይወርዳል። ያቺ አፍታ ርዝመቷ! ቢሮ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ከሷ ያጥራሉ።

«አባባ፣ ይምጡ» አለችኝ። «ትልቁን ላድርግልዎ ወይስ ትንሹን?»

ትልቁን ገዛሁ። ትኩስ ነው፣ ጨዋማ ነው፣ ስስ ነው፤ ለድዴ ሁሉ አመቸው። ከኋላዬ ሰልፉ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። የሄዱት ተማሪዎች ተመልሰው መጡ፣ ጓደኛ ይዘው መጡ፣ ባጃጅ ነጂዎቹም ገቡበት። ምሳ ሳይደርስ ድንቹ አለቀ፣ መምህሩም አፉን ጨው በጨው አድርጎ እየሳቀ ሄደ። ማስተዋል ኤ አገኘች። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳትና ማታ በኤዋ ትንሽ ቀናሁ፤ ለኔ ያ መምህራችን የሰጠኝ ሲ ነበርና።

ደብረ ታቦር ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። በሦስተኛው ጧት፣ ወፍ ሳይንጫጫ በሬ ተንኳኳ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ነው። «አያ አስረስ፣ ባክዎ አንዴ ብቅ ይበሉልኝ።» ኮቴን ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እንደ ሙሽራ ሄድኩ። በማግሥቱ የጫማ መደብሩ መጣ፤ ከዚያ የዕቃ ቤቱ፣ ከዚያ የመድኃኒት መደብሩ። ከሐሙሲት ሳይቀር አንዱ ደውሎ በሚኒባስ ሊያመላልሰኝ ለመነኝ፤ የአንበሳሜው ሰውም ቀጠሮ ይዟል። ይኸው አሁን ቤቴ ውስጥ የሕፃን ጫማ አለኝ፣ ዐሥር የፕላስቲክ ሳፋ አለኝ፣ የማልጠጣው የሳል ሽሮፕ አለኝ። ማስተዋል ሳፋዎቹን ለድንቹ ማጠቢያ ወስዳ፣ «አባባ፣ ከሐጂ እንድሪስ እንኳ በለጡ እኮ!» ትለኛለች።

በለጥኩ። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። የደብረ ታቦር የጧት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ጋቢዬን በኮቴ ላይ ደርቤ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ወደ አንዱ አዲስ ጨርቅ ቤት እያዘገምኩ በእስላም ሰፈር በኩል አለፍኩ። የሱብሒ ሶላት አብቅቷል፤ መንገዱ ጭር ብሏል። በእንድሪስ መስኮት ሥር ስደርስ ሰማሁት። ያንኮራፋል። ምን ዓይነት ማንኮራፋት መሰላችሁ! ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ማንም የማያንኳኳበት ሰው ማንኮራፋት። እግሬ አልሄድ አለኝ። በዚያ ብርድ መስኮቱ ሥር ቆሜ ሲስብና ሲለቅ አዳመጥኩት፤ ይኼ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያስቀናኝ ኖሮ ዛሬ ደግሞ በእንቅልፉ እንደሚያስቀናኝ እያሰብኩ።

«አያ አስረስ!» አለ ጨርቅ ሻጩ ከማዶ፣ በባትሪ እያበራብኝ። «ኧረ ይፍጠኑልኝ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድምዎ!»

«ዝም በል» አልኩት በሹክሹክታ። «ትቀሰቅሰዋለህ።»